የሳሎን ፒያኖ ወደ ቆላ ሲወርድ

የፒያኖ ጠላቱ ደረቅ ሙቀት ነው። ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው፣ ባለሙያዎች አፕራይት የሚሉት የሳሎን ፒያኖ፣ ደህና ከተያዘ በአዲስ አበባ ወይናደጋ አየር ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ወደ አፋር ቆላ ወርደው አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርሱ ግን ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ናት፤ በሰኔ ቀትር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የፒያኖ ክሮች የሚወጠሩባቸው ብረቶች የተሰኩት እንጨት ላይ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረቶቹ ይላላሉ፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ከክሮቹ ጀርባ ያለው፣ ድምፁን የሚያጎላው ስስ ሰሌዳም ሊሰነጠቅ ይችላል። ዕቃውን በአስፋልቱ ጭኖ ሰመራ ማድረስ አያቅትም፤ የሚያቅተው እዚያ አቆይቶ ማጫወቱ ነው።

ስለዚህ ወደ ቆላ የሚወርደው ድምፁ ብቻ ይሆናል። ላፕቶፕ፣ ኪቦርድና አንድ ሶፍትዌር ይበቃሉ።

ፒያኖ በማይገባበት ቦታ የፒያኖ ጣት ይዞ መኖር ለኢትዮጵያ ሙዚቀኞች አዲስ ነገር አይደለም። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አጠገብ በሚገኘው ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ተራው እስኪደርስ መኪናው ውስጥ ይለማመዳል። ያን ጊዜ ከትንሽ ኪቦርድ የሚወጣው ድምፅ የፒያኖ ጥላ ነበር። ዛሬ ሶፍትዌሩ የሚፎካከረው ከእውነተኛው ፒያኖ ጋር ነው፤ ከባዱ ፈተናም ከኮንሰርት አዳራሹ ትልቅ ፒያኖ ይልቅ ሳሎን ውስጥ ያለውን መምሰል ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። አፕራይት ፒያኖ 88 ቁልፎችና ከ200 በላይ ክሮች አሉት። ክሮቹ ቀጥ ብለው ስለቆሙ መዶሻው የሚመታው ከፊት ወደ ኋላ ነው። በትልቁ ፒያኖ መዶሻው በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወድቃል፤ በአፕራይቱ ግን ስፕሪንግና ጥብጣብ እየሳቡ ይመልሱታል። አንድን ቁልፍ ደጋግሞ ሲመቱት ትንሽ የሚዘገየው ለዚህ ነው። የወፍራሞቹ ድምፆች ክሮች በሳጥኑ ቁመት ልክ አጭር መሆን ስላለባቸው መዳብ ይጠመጠምባቸዋል። አጭርና ወፍራም ክር ደግሞ ሲርገበገብ ንዑሳን ድምፆቹ ከትክክለኛ ቦታቸው ጥቂት ከፍ ይላሉ። ያ ጎርነን ያለ፣ የሳሎን ፒያኖ መሆኑን ወዲያው የሚያስታውቀው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንዲት ድምፅ ብቻ ወስደን በቅርበት እንስማ። ጣት ቁልፉን ሲጫን መጀመሪያ እንጨት ከእንጨት ሲነካካ የሚወጣ ደብዛዛ ኳኳታ አለ። ከዚያ በሱፍ የተሸፈነው መዶሻ ለዚያች ድምፅ የተወጠሩትን ሦስት ክሮች በአንድ ጊዜ ይመታል። ክሮቹ አንድ ዓይነት ቅኝት አላቸው ቢባልም ፍጹም አይገጥሙም። አንዱ በሰከንድ 440 ጊዜ፣ ሌላው 441 ጊዜ ከተርገበገበ ድምፁ በየሰከንዱ አንዴ ጎላ አንዴ ቀነስ ይላል። ድምፁ መጀመሪያ ፈጥኖ ይወርድና ቀጥሎ ቀስ እያለ ይረዝማል። ጣት ሲነሳ ማፈኛው ሱፍ ክሮቹ ላይ ያርፋል፤ ሲያርፍም የራሱ ትንሽ ድምፅ አለው። ፔዳሉ ተረግጦ ከሆነ ደግሞ ያልተመቱት ክሮች ሁሉ አብረው ያስተጋባሉ። ሶፍትዌሩ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ቢዘልል ጆሮ ያውቅበታል።

የፒያኖ ተጫዋች የነበሩትን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የሚወድ አድማጭ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ፣ እቤታቸው ሆነው በካሴት የቀዷቸው ዘፈኖች እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል አልበም ወጥተዋል። የስቱዲዮ ጥራት የላቸውም፤ ፒያኖው፣ ድምፃቸውና ክፍሉ ግን አንድ ላይ ይሰማሉ። የሳሎንን ፒያኖ በሶፍትዌር እሠራለሁ የሚል ሰው ሊደርስ የሚገባው እንዲህ ዓይነት ቅርበት ላይ ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሳምፕሊንግ ሲሆን፣ አንድን እውነተኛ ፒያኖ ድምፅ በድምፅ መቅዳት ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ከለስላሳ እስከ ኃይለኛ በስምንት ደረጃ ቢመታ፣ 88 በ8 ሲባዛ 704 ቅጂ ይሆናል። ሁሉም ፔዳል ተረግጦም ሳይረገጥም ሲቀዳ 1,408 ይደርሳል። እያንዳንዱ በአማካይ 15 ሰከንድ ቢረዝም በስቱዲዮ ጥራት ከ5 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይይዛል። የማፈኛው፣ የፔዳሉና የእንጨቱ ኳኳታ ለብቻ ይቀዳሉ። ቀረጻው የሚካሄደው ከተማው ጸጥ ሲል፣ በር ተዘግቶ፣ ፍሪጅ ሳይቀር ጠፍቶ ነው፤ አንድ የመኪና ጥሩምባ አንዷን ቅጂ ካበላሸ ያቺ ቁልፍ በተነካች ቁጥር ጥሩምባው ይመለሳልና።

ሁለተኛው መንገድ ምንም ሳይቀዱ ፒያኖውን በሒሳብ መሥራት ነው። የክሩ ውፍረት፣ የመዶሻው ሱፍ ጥንካሬ፣ የሰሌዳው መጠን ለኮምፒውተሩ ይሰጠዋል፤ እሱም ድምፁን በየቅጽበቱ ያሰላል። በዚህ የታወቀው ፒያኖቴክ የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የሠራው ድርጅት መሥራች ፈረንሳዊው ፊሊፕ ጊዮም የሒሳብ ሊቅ ከመሆኑ በፊት ፒያኖ ቃኚ ነበር። ፋይሉ በአሥርት የሚቆጠር ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው እጅግ ይቀላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፒያኖውን ማስረጀት ይቻላል፦ መዶሻውን ማጠንከር፣ የሦስቱን ክሮች ቅኝት ማለያየት፣ የማፈኛውን ድምፅ ማጉላት። አሮጌ የሳሎን ፒያኖ እንዲህ እየተሞከረ በጆሮ ይገኛል።

የቆላው ሙቀት እዚህም አይቀርም። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ስሌቱ ይዘገይና ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል። መፍትሔው በአንድ ጊዜ የሚሰሙትን ድምፆች ብዛት መገደብና ለኮምፒውተሩ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ነው። ጣት በተጫነበትና ድምፅ በወጣበት መካከል ያለው ጊዜ ከ10 ሚሊ ሰከንድ ብዙ ካላለፈ ተጫዋቹ አይሰማውም። ሌሊት መሥራትና ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጎ ማስቀመጥም ይረዳል።

ሶፍትዌሩ ከእንጨቱ ፒያኖ የሚበልጥበት ቦታ ቅኝት ነው። ከደጋው ወደ አፋር ሲወረድ መንገድ ላይ ያለችው የባቲ ከተማ ስሟን ለአንዱ ቅኝታችን ሰጥታለች። ባቲን በፒያኖ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ብሎ መጫወት ይቻላል። ነገር ግን ፒያኖ እያንዳንዱን ኦክታቭ 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ የክራርና የማሲንቆ ጣት ደግሞ በእነዚህ ቦታዎች መካከልም ያርፋል። ሌላውን ቅኝት፣ አንቺሆዬን፣ በፒያኖ ሲጫወቱት ይህ ልዩነት ጎልቶ ይሰማል። እውነተኛ ፒያኖ ላይ ለአንድ ዘፈን ተብሎ ከ200 በላይ ክር እንደገና አይቃኝም። በሶፍትዌር ግን እያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል በትንሽ የጽሑፍ ፋይል ተጽፎ ይጫናል፤ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ ለመዞር አንድ ጠቅታ ይበቃል።

ሰመራ ላይ ለሚጀምር ወጣት ዝርዝሩ አጭር ነው። ከላፕቶፑና ከሶፍትዌሩ ሌላ በዩኤስቢ የሚሰካ ባለ 88 ቁልፍ ኪቦርድ፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫና የእግር ፔዳል ያስፈልጉታል። ፔዳሉን ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ መተው አያዋጣም፤ የክሮቹ ማስተጋባት የሚሰማው በእሱ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እስካሁን በቂ ሰው ያልሞከረው ሥራ አለ፦ የአፋር ዘፋኞችን ድምፅ ቀድቶ፣ የሚያርፉባቸውን ቦታዎች በኮምፒውተር ለክቶ፣ ለእነሱ ዜማ የሚስማማ የቅኝት ፋይል መጻፍ። መለኪያው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው፤ ዘፋኞቹም እዚያው አዋሽ ዳር ናቸው።