ስሎው ሞሽኑ ለምን ተዛባ? ከፕሪሚየር ወደ ሪዞልቭ በሚደረግ ጉዞ

ፕሪሚየር ላይ ኤዲት ተደርጎ ለከለር ወደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተላከ የሰርግ ቪዲዮ ሲከፈት፣ ሌላው ሁሉ ቦታው ላይ ሆኖ ፍጥነታቸው የተቀየረው ክሊፖች ብቻ ተዛብተው ይገኛሉ። ብዙ ኤዲተር ጥፋቱን ከኮምፒውተሩ ይፈልጋል። ምክንያቱ ያለው ግን የሚላከው ፋይል ላይ ነው።

ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚያልፈው ኤክስኤምኤል የሚባል የጽሑፍ ፋይል ነው። ምስሉ ሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳለ ይቀራል። ፋይሉ የሚናገረው የትኛው ክሊፕ፣ ከየት እስከ የት፣ ታይምላይኑ ላይ የት እንደሚገባ ነው። ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተቀዳ ኤዲት ይደረግ ከነበረበት ዘመን የተወረሰው፣ ኢዲኤል የሚባለው ፋይል ደግሞ ይበልጥ ቁጥብ ነው፤ ለፍጥነት ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም የሆነ ክሊፕ በግማሽ ሲዘገይ እዚያ መስመር ላይ 12.5 ተብሎ ይጻፋል። ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ የሚሄድ ክሊፕ በአንድ ቁጥር አይገለጽም። ኤክስኤምኤል ይህን መያዝ ቢችልም ሁለቱ ፕሮግራሞች የፍጥነቱን ለውጥ በየራሳቸው መንገድ ስለሚያሰሉት ውጤቱ ብዙ ጊዜ ይለያያል።

ስህተቱ ሲፈጠር ምን እንደሚታይ እንመልከት። ሙሽራዋ እስክስታ ስትመታ የሚያሳይ አራት ሰከንድ አለ እንበል፤ ፍጥነቱ 50 በመቶ ስለሆነ ከዋናው ቀረጻ የወሰደው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። ሪዞልቭ የፍጥነቱን ትእዛዝ ካላነበበ አራቱን ሰከንድ በአራት ሰከንድ ቀረጻ ይሞላዋል። እስክስታው በግማሹ ያልቅና ኤዲተሩ አስቦበት የጣለው ይከተላል፤ ካሜራው ወደ ወለል ሲወርድ፣ አንዱ እንግዳ ከፊት ሲያልፍ።

የፍሬም ቁጥር ነገር ደግሞ ከዚህ ይቀድማል። አገራችን መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 እና 50 ፍሬም ይስማማናል፤ አሜሪካ 60 ኸርዝ ስለሆነ 29.97 እና 59.94 የተለመደ ነው። ሰርጉ ዋሽንግተን፣ መልሱ አዲስ አበባ ሲሆን ሁለቱ አንድ ታይምላይን ላይ ይገናኛሉ። በ50 የተቀረጸ 25 ላይ በግማሽ ሲዘገይ እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ጊዜ ይታያል፤ ንጹሕ ነው። 59.94ቱ እንዲህ የሚጠራው ወደ 41.7 በመቶ ሲወርድ ነው፤ 50 በመቶ ከተባለ መሀል መሀሉን ፍሬም ይዘላል። በ25 የተቀረጸውን በግማሽ ማዘግየት ግን አንዱን ፍሬም ሁለቴ ማሳየት ነው፣ ይንገጫገጫል። ፍሬም ብሌንዲንግ ሲጨመር የሙሽራዋ ትከሻ ድርብ ይሆናል። ኦፕቲካል ፍሎው የሌለውን ፍሬም ገምቶ ይፈጥራል፤ ለዝግ ያለ እርምጃ ሸጋ ነው፣ ትከሻ ሲንቀጠቀጥና የአንገት ጌጥ ሲወዛወዝ ግን መስመሩ ይቀልጣል። በእኔ እምነት ለእስክስታ መፍትሔው ካሜራው ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው በ50 መቅረጽ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፕሪሚየር ላይ የ50ውን ክሊፕ «25 አድርገህ ቁጠረው» ብሎ ማዘግየት ይቻላል። ይህ ትእዛዝ ሪዞልቭ ዘንድ ካልደረሰ ክሊፑን በ50 ቆጥሮ ሌላ ቦታ ያሳያል። እዚያም በክሊፑ ባሕርያት ውስጥ 25 ብሎ ማስተካከል ያስፈልጋል። የፕሮጀክቱ ፍሬም ሬት ደግሞ ፉቴጅ ከመግባቱ በፊት መስተካከል አለበት፤ ሪዞልቭ ኋላ መቀየር አይፈቅድም።

ስለዚህ ፍጥነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነውን ክሊፕ እንዳለ መላክ ይቻላል። ፍጥነቱ እየተለዋወጠ የሚሄደውን ግን ፕሪሚየር ላይ እንዳለ በፕሮሬስ ወይም በዲኤንኤክስኤችአር ኤክስፖርት አድርጎ በቦታው መተካት ይሻላል። ዋጋ አለው፤ ደንበኛው «ትንሽ ይፍጠን» ካለ እንደገና መሥራት ግድ ነው። ዋናው ክሊፕ ከሥሩ ተዘግቶ ይቀመጥ። የሙሉው ኤዲት አንድ ቀላል ኤክስፖርትም አብሮ ይላክ፤ ሪዞልቭ ላይ ከታይምላይኑ ጎን አድርጎ እያንዳንዱን ቁርጥ ማመሳከሪያ ይሆናል።

እንግዶች በስልክ የቀረጹት ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስልክ እንደ ብርሃኑ መጠን የፍሬሙን ቁጥር ከፍና ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ድምፁ ከከንፈር እየራቀ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ኤዲት ሳይጀመር ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት ይቀየር፤ ከተቆረጠ በኋላ የተቀየረ ፋይል የቁርጦቹን ቦታ ሁሉ ሊያፋልስ ይችላል።