የነፋስ ኤሌክትሪክና የመጋላ ብረት ሠሪዎች

ነፋስ ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ሠራተኛ አይደለም። እህል በዐውድማ ላይ ከተወቃ በኋላ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ይጣላል፤ ገለባውን ነፋሱ ይወስደዋል፥ ፍሬው ግን ይወድቃል። አዲሱ ነገር ይኸው ነፋስ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ መደረጉ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፦ ከነፋስ ኤሌክትሪክ የምታገኝ አገር ሁሉ የነፋስ ኃይል ኢንዱስትሪ አላት ለማለት ይቻላልን?

ጥያቄውን ያነሣብን በድሬዳዋ ከተማ የሚኖር አንድ በያጅ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከከዚራ ተነሥተን ደቻቱን ተሻግረን በመጋላ የብረት ሥራ ቤቶችን ስንጐበኝ መብራት ጠፋ። ብየዳውም ቶርኖውም ባንድ ጊዜ ቆመ። ሠራተኞቹ ከደጅ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁ፥ በአይሻ ሜዳ ስለቆሙት የነፋስ መኪናዎች ተጫወትን። ከመካከላቸው አንዱ፥ እነዚያ መኪናዎች ሲሰበሩ የሚጠግናቸው ማን እንደ ሆነ ጠየቀን። በዚያን ጊዜ በቂ መልስ አልነበረንም።

ተርባይን የሚባለው የነፋስ መኪና አሠራሩ ለመረዳት አያስቸግርም። በረጅም ማማ ጫፍ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክንፎች ይታሰራሉ። ነፋሱ ክንፎቹን ሲገፋ ዘንጉ ይዞራል፤ ዘንጉም ጄኔሬተሩን ያዞራል፤ ኤሌክትሪኩም በማማው ውስጥ በገመድ ወርዶ በትራንስፎርመር ወደ ዋናው መስመር ይገባል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፥ ትልቁ ጥበብ ቦታ መምረጥ ነው። በአዳማና በአሸጎዳ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፥ ማለት ወንዞች በሚጐድሉበት ወራት ነው። ስለዚህ ነፋስ የውኃ ኃይል ባላጋራ ሳይሆን ረዳቱ ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ የሠራችው ሥራ ቀላል አይደለም። በ2004 ዓ.ም. አዳማ አንድ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት፥ በ2006 ዓ.ም. በመቀሌ አጠገብ የሚገኘው አሸጎዳ በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋዋት፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አዳማ ሁለት በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋዋት እንዲሰጡ ሆነው ተመረቁ። ሲደመሩ 220 ተርባይኖችና 324 ሜጋዋት ናቸው። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መንገድ ላይ ባለው በአይሻም 120 ሜጋዋት እንዲሰጡ የታቀዱ 48 ተርባይኖች አሉ።

ነገር ግን ቁጥሩን ትተን መኪናዎቹን ብንመለከት ሌላ ነገር እናያለን። የአዳማ አንድ ተርባይኖች የጎልድዊንድ፥ የአዳማ ሁለት የሳኒ፥ የአሸጎዳ ደግሞ የቬርኜና የአልስቶም ሥራዎች ናቸው። የአይሻው የዶንግፋንግ ሲጨመር አምስት ዓይነት ይሆናል። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። ይህ የሆነው በቸልተኝነት አይደለም፤ ገንዘቡ በብድር የመጣ በመሆኑ ነው። የአሸጎዳ ብድር ከፈረንሳይ፥ የአዳማ ከቻይና ተገኘ፤ መኪናውም አበዳሪውን ተከትሎ መጣ። አምስት ዓይነት መኪና ያለው ሰው ደግሞ ለአንዱም የሚበቃ ጋራዥ ለማቆም ይቸገራል።

ሌሎች አገሮች ከዚህ ችግር እንዴት እንደ ወጡ ማየት ይጠቅማል። ዮሐንስ ዩል የተባለው የዴንማርክ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1957 በጌሰር 200 ኪሎዋት የሚሰጥ ተርባይን አቆመ። ከ1973 የነዳጅ ችግር በኋላም ተርባይን መሥራት ከጀመሩት አንዱ ቬስታስ ነው፤ ይህ ድርጅት ከዚያ በፊት የእርሻ መሣሪያ ይሠራ ነበር። በህንድም ቱልሲ ታንቲ የተባለ የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት የመብራት ዋጋና መቆራረጥ ቢያስቸግረው ለፋብሪካው ተርባይን ገዛ፤ በ1995 ሱዝሎን የተባለውን ተርባይን ሠሪ ድርጅት አቋቋመ። ቻይና በ1989 በሺንጂያንግ፥ በዳባንቼንግ፥ በዴንማርክ እርዳታ የመጡ ተርባይኖችን ተከለች። በዚያ ሥራ ላይ የተማሩ ሰዎች በኋላ ጎልድዊንድን አቋቋሙ፤ በአዳማ አንድ የቆሙትም የእርሱ መኪናዎች ናቸው። እንግዲህ ገዢ የነበረው አገር በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ሻጭ ሆነ ማለት ነው።

በአገራችንም አንድ ምሳሌ አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በታችኛው ኦሞ የነበረው የአሜሪካ ሚሲዮን፥ በወንዙ ዳር ያለውን እርሻ ለማጠጣት የሸራ ክንፍ ያላቸው የነፋስ ፓምፖች በቦታው ይሠራ ነበር። ኃይላቸው ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ሲሰበሩ እዚያው ሊጠገኑ ይችሉ ነበር።

ድሬዳዋም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ ከተማይቱ ተመሠረተች፤ ሎኮሞቲቩ ከውጭ ቢመጣም ጥገናው እዚህ ባለው የምድር ባቡር ጋራዥ ይደረግ ስለነበረ ብዙ ሰው የብረት ሙያ ተማረበት። ሲሚንቶ በከተማይቱ ይሠራል፤ ከባሕር የሚመጣው ዕቃ በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ አይሻም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራውን በሚከተለው ቅደም ተከተል መጀመር የሚቻል ይመስለናል።

1ኛ፤ ጥገና፦ ብሎን ማጥበቅ፥ ዘይት መለወጥ፥ ክንፍ መጠገን። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለመድ የሚገባው ሙያ ነው።

2ኛ፤ መሠረት፦ ሲሚንቶው፥ አሸዋውና ጕልበቱ በአገር ውስጥ ይገኛል።

3ኛ፤ ማማ፦ ወፍራም ላሜራ ጠቅልሎ መበየድ ነው። ላሜራው ከውጭ ቢመጣም ሙያው የእኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ትልቅ መጠቅለያ መኪናና ጥብቅ የብየዳ ምርመራ ያስፈልገዋል።

4ኛ፤ ክንፍና ጄኔሬተር፦ እነዚህ ረጅም ልምድ ስለሚጠይቁ መጨረሻ ላይ የሚደረስባቸው ናቸው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ የአገራችን ገበያ ትንሽ ስለሆነ ፋብሪካ አያኖርም ይል ይሆናል። ተቃውሞው ትክክል ነው። አንድ ዓመት መቶ ተርባይን ተተክሎ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዝም ከተባለ፥ ማማ የሚሠራ ፋብሪካ ሊቆይ አይችልም፤ ሠራተኛውም ተበትኖ ወደ መስኮትና በር ሥራ ይመለሳል። መድኃኒቱ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መትከል፥ የመኪናውን ዓይነት ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት መቀነስ፥ በእያንዳንዱም ውል ውስጥ የጥገና ጋራዥና የሠልጣኞች ቍጥር እንዲጻፍ ማድረግ ነው። አበዳሪው በገንዘቡ ላይ ሁኔታ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ተበዳሪውም በነፋሱ ላይ ሁኔታ ለማስቀመጥ ይችላል፤ ነፋሱ የእርሱ ነውና።

ይህን ስንል የነፋስ ጣቢያ በበዛ ጊዜ በመጋላ መብራት አይጠፋም ማለታችን አይደለም። መብራት የሚጠፋው በኃይል ማነስ ብቻ ሳይሆን በመስመር ብልሽትም ነው። የእኛ ነገር ሌላ ነው። ማማ ላይ ወጥቶ የተሰበረውን የሚጠግን ያገር ሰው እስካልተገኘ ድረስ ተርባይኑ በአገራችን መሬት ላይ የቆመ የሰው ንብረት ያህል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልሱ እንግዲህ አይቻልም የሚል ነው፤ ኤሌክትሪኩ ተገኝቷል፥ ኢንዱስትሪው ግን ገና ነው። ለዚያ በያጅም ዛሬ ብንመለስ የምንሰጠው መልስ፦ የሚጠግነው አንተ ወይም ልጅህ ካልሆነ ሥራው አልተጀመረም የሚል ነው። መብራቱ በመጣ ጊዜ እርሱ መነጽሩን አድርጎ ወደ ብየዳው ተመልሶ ነበር።