ከአዲስ አበባ እስከ መቱ ስንት ሰዓት ነው?

ወደ ኢሉባቦር የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ወይም ለትምህርት ወደ መቱ የሚሄድ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቱ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ አንድ ብቻ አይደለም።

ካርታ ዘርግተን በማስመሪያ ብንለካ ከአዲስ አበባ እስከ መቱ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጅማ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ግን ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ልዩነት የመጣው ከምድሩ አቀማመጥ ነው። መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ወርዶ ይወጣል፤ ጅማንና አጋሮን አልፎ ዴዴሳን ይሻገራል፤ ከበደሌ በኋላም በያዮ ደን በኩል ገባን ተሻግሮ፥ ሁሩሙን አልፎ መቱ ይገባል። መንገድ ወንዝን የሚሻገረው ለድልድይ በሚመች ቦታ፥ ተራራንም የሚያልፈው በመዞር ነውና ይረዝማል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ርቀቱን ለፍጥነቱ ብናካፍል ጊዜውን እናገኛለን። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 600ውን ኪሎ ሜትር በ12 ሰዓት ይጨርሳል። በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀድሞ ዘመን ወደ ጎሬ ይልካቸው የነበሩት ዲሲ 3 አይሮፕላኖች በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ስለ ነበር፥ 360ውን ኪሎ ሜትር ለመብረር 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይበቃቸው ነበር። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ለሚበር ለዛሬው አይሮፕላን ደግሞ ሒሳቡ 36 ደቂቃ ነው። ሆኖም ለመነሣት፥ ለመውጣትና ለመውረድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሲጨመርበት ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል።

ነገር ግን ተጓዥ የሚነሣው ከቤቱ እንጂ ከአይሮፕላን ጣቢያ አይደለም። እስከ ጣቢያው የሚሄድበት፥ ለፍተሻ የሚቆምበትና ሻንጣውን የሚጠብቅበት ሰዓት ሁሉ መቆጠር አለበት። እስከ ጅማ በርሮ ከዚያ በመኪና የሚቀጥል ሰውም ገና ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፤ ይኸውም አምስት ሰዓት ያህል ነው። በዚህ ላይ አገሩ ዝናብ የሚበዛበት ነው። ክረምት ሲገባ ጭጋግ አይሮፕላንን፥ ጭቃም መኪናን ያዘገያል።

ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ነጋዴዎች ይህን ነገር በሚገባ ያውቁት ነበር። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፥ የጎሬ ቡና ወደ ባሮ ወርዶ ውሃው በሚሞላበት በክረምት ወራት በመርከብ እስከ ካርቱም ይሄድ ነበር። በካርታ ካየነው ካርቱም ከአዲስ አበባ ይልቅ እጅግ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን ቡና ለጫነ ነጋዴ ወንዙ ከተራራው መንገድ ይቀልለው ነበር።

ይህ ነገር በተለይ በቢሮ ተቀምጦ ዕቅድ የሚያወጣውን ወጣት ሠራተኛ ይመለከተዋል። የስብሰባ ጥሪ በዋዜማው ከአዲስ አበባ ቢወጣ የመቱው ሰው አይደርስበትም። ለከፍተኛ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለተላከ በሽተኛም የ12 ሰዓትና የአንድ ሰዓት ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። መድኃኒትና ማዳበሪያም ጊዜያቸውን ጠብቀው የሚደርሱት መንገዱ አስቀድሞ ሲታሰብ ነው። ስለዚህ ወደ ኢሉባቦር ሰው ወይም ዕቃ የሚልክ ሁሉ ከኪሎ ሜትሩ ጎን ሰዓቱን፥ ከሰዓቱም ጎን ወራቱን እንዲጽፍ እንመክራለን።