ፋይናል ፋንታሲን ከየት እንጀምር?

ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ፕሌስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ ስክሪኑን ሁሉ ኳስ ይዞታል። ተሸናፊው ይከፍላል፣ ተረኛው ጆይስቲኩን ይቀበላል፣ ቤቱም በዚሁ ይኖራል። ኳሱን አልነቅፍም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ እዚያው መሣሪያ ላይ የሚሠራ፣ ከብዙ ልብ ወለድ የማይተናነስ ታሪክ ያለው ጌም ማንም ሳይነካው መቅረቱ ነው። ስሙ ፋይናል ፋንታሲ ነው። በጨዋታ ቁጥር ሒሳብ የሚሠራ ቤት ይህን ጌም ሊያስተናግደው አይችልም፤ አንዱን ለመጨረስ በአሥር የሚቆጠር ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ቤታቸው መሣሪያ ወይም ደህና ስልክ ላላቸው ነው የምጽፈው።

የጌሙን ዓይነት ለማያውቅ ባጭሩ፦ ጥቂት ሰዎችን እየመራችሁ አንድ ዓለም ታቋርጣላችሁ፣ ያገኛችሁትን ሰው ታነጋግራላችሁ፣ በውጊያ ልምድ እያካበታችሁ ሌቭል ትጨምራላችሁ። የመጀመሪያውን ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በዲሴምበር 1987 አወጣው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ሥራውን የመራው ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ ሙዚቃውን የደረሰው ኖቡኦ ኡኤማትሱ፣ ሥዕሉን የሠራው ዮሺታካ አማኖ ነው። ዛሬ ባለቁጥሮቹ 16 ደርሰዋል፤ 16ኛው በ2023 ወጥቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ይህ 16 የሚለው ቁጥር ሲሰማ ነው። ግማሹ ሰው «15 አምልጦኛል፣ አሁን ምን ይገባኛል?» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ሥርዓት ያለው ሰው ነኝ ብሎ 1ን ፈልጎ ያወርዳል። ሁለቱም ያው አንድ ስሕተት ነው፤ ቁጥሩን የታሪክ ክፍል አድርጎ ማየት።

ቁጥሩ የታሪክ ክፍል አይደለም። የ7 ዓለም የ7 ብቻ ነው፤ 8 ሌላ ዓለም፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ጠላት ይዞ ከዜሮ ይነሣል፤ ሁሉም በራሱ ተጀምሮ በራሱ ያልቃል። የሚጋሩት ነገር አለ። ቾኮቦ የተባለው የሚጋለብ ትልቅ ቢጫ ወፍ ከ2 ጀምሮ አለ፤ ሞግል የሚባሉት ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ፍጥረቶች በ3 መጡ፤ ሲድ የሚባል ሰውም ከ2 ወዲህ በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ብቅ ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሚበር መርከብ ጋር። ነገር ግን የ7ቱ ሲድና የ10ሩ ሲድ ዘመድም ትውውቅም የላቸውም። እነዚህ ተከታታዩን የሚያስተሳስሩ ምልክቶች ናቸው እንጂ ቀድመው ሊታወቁ የሚገባቸው ታሪኮች አይደሉም።

ለዚህ ከራሱ ከኩባንያው የተሻለ ምስክር የለም። 4 በ1991 አሜሪካ ሲገባ «2» ተብሎ ተሸጠ፤ 6 ደግሞ በ1994 «3» ተባለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 2፣ 3 እና 5 በዚያን ጊዜ አሜሪካ ስላልወጡ ቁጥሩ ክፍተት እንዳይኖረው ተፈለገ። በ1997 7 በእውነተኛ ቁጥሩ ሲመጣ የአሜሪካ ልጅ ከ«3» ተነሥቶ 7 ላይ አረፈ። ታሪኩ አልተቆረጠበትም፤ ቀድሞውንም የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። 7 ከዚህ ሁሉ በኋላ ተከታታዩን ለዓለም ያስተዋወቀ ጌም ሆነ።

ይህ ጉዳይ እኛም ሰፈር ይደርሳል። ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፉ የድሮ ፋይሎች ውስጥ «ፋይናል ፋንታሲ 3» የሚል ካገኛችሁ 6 ሊሆን ይችላል። ከፍታችሁ መጀመሪያውን ብቻ እዩ። ሦስት ሰዎች በብረት መኪና ላይ ሆነው በበረዶ ውስጥ ወደ ከተማ ከተጓዙ ያ 6 ነው። አራት ልጆች ዋሻ ውስጥ ከሆኑ እውነተኛው 3 ነው።

ከ1 መጀመር የሚያመጣውን ጉዳት በዓይኔ አይቻለሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አንድ ጎበዝ የጎረቤት ልጅ የ1987ቱን ዋናውን 1 ስልኩ ላይ ጭኖ አገኘሁት። አራቱ ተዋጊዎቹ ሁሉም አንዱን ጎብሊን እንዲመቱ አዘዘ። የመጀመሪያው ገደለው፤ የቀሩት ምታቸው ባዶ ሜዳ ላይ ወደቀ። በዚያ ዘመን ጌሙ የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ ዒላማችሁ ከሞተ ምታችሁ ይባክናል እንጂ ወደ ቀጣዩ ጠላት አይዞርም። ልጁ ሁለት ከተማ ሳያልፍ «አሰልቺ ነው» ብሎ ሁሉንም 16 ጠቅልሎ ተወ። በዘመኑ አዲስ መንገድ የከፈተን ሥራ ለዛሬ ልጅ መግቢያ በር ማድረግ ሁለቱንም መበደል ነው።

ቁጥሩ የሚያስገድድበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ጭራ ሲኖረው። 10-2 የ10 ቀጣይ ነው፤ 13-2ም የ13። በ2020 የወጣው የ7 ሪሜክ የድሮውን 7 መጀመሪያ ላይ ያለችውን ሚድጋር ከተማን ብቻ ይሸፍናል፤ በ2024 የወጣው ሪበርዝ ከዚያ ይቀጥላል። በሪበርዝ የሚጀምር ሰው እውነትም መሐል ገብቷል።

እንግዲህ ከየት? መልሱን ቤታችሁ ያለው መሣሪያ ይወስነዋል።

ፕሌስቴሽን 2 ካለ፣ ያለ ምንም ማመንታት 10። በ2001 የወጣ ነው፤ በተከታታዩ ገጸ ባሕርያቱ በድምፅ የሚናገሩበት የመጀመሪያው ነው። ድምፁና ጽሑፉ አብረው ስለሚሄዱ እንግሊዝኛው ብዙ ያልጠነከረ ተማሪም ይከተለዋል፣ ይማርበታልም። ታሪኩ ዩና የተባለች ወጣት ሲን የሚባለውን አጥፊ ለማስወገድ ከቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ እየጸለየች የምታደርገው ጉዞ ነው፤ የሚጠብቋት ሰዎች አብረዋት ይሄዳሉ። ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም ከሩቅ አገር በሚጓዝበት ምድር ላደገ ሰው የዩና ጉዞ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ውጊያው ደግሞ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አልተሠራም። ጠላት ይጠብቃችኋል፤ አስባችሁ እስክትወስኑ ማንም አይመታችሁም። በስክሪኑ ቀኝ በኩል የማን ተራ እንደሚቀጥል በፊቶች ተደርድሮ ይታያል፤ ትእዛዙን ሳታጸድቁ ጠቋሚውን ብታሳርፉበት ተራው እንዴት እንደሚለወጥ ያሳያችኋል። ከሰባቱ ተዋጊዎቻችሁ ሦስቱ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ኤል 1ን ተጭናችሁ ተረኛውን ብትቀይሩ ተራ አይባክንም፣ የገባው ወዲያው ይመታል። የሚበረውን ዋካ በኳሱ ያወርዳል፣ ፈጣኑን ቲደስ ይደርስበታል፣ ድንጋይ ለባሹን ኦሮን ይሰብራል፣ ሰይፍ የማይበግረውን ዝልግልግ ሉሉ በአስማት ታቀልጠዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ይህ ይገባችኋል፤ ይህ የገባው ሰው ሌሎቹን ሁሉ መጫወት ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሴቭ ማድረግ የሚቻለው መንገድ ላይ በተቀመጡት የሚያበሩ ክቦች ብቻ ነው። በእኛ ሰፈር መብራት ሳይሰናበት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ክብ አይታችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ስትነኩት ጉዳታችሁንም ይፈውሳል፣ ምንም አያስከፍላችሁም። ሜሞሪ ካርዱን የምትጋሩ ወንድማማቾችም ስሙኝ፤ ለኳስ ቦታ ጠበበ ብሎ የሰውን 30 ሰዓት ሴቭ ማጥፋት ነውር ነው። ካርድ በርካሽ ይገዛል፣ ያለፈው ክረምት ግን አይገዛም።

ያላችሁ ስልክ ብቻ ከሆነ 6ን ያዙ፣ ፒክስል ሪማስተር የሚባለውን። ከ1 እስከ 6 ያሉት በ2021 እና 2022 እንደገና ተሠርተዋል። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በራሱም ሴቭ ያደርጋል፤ ባትሪ ቢያልቅ የሚጠፋው ጥቂት ነው። ክፍያው ግን የውጭ ካርድ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ውጭ ባለ ዘመዱ ያስገዛል። 6 ውስጥ 14 ሰዎችን መምራት ይቻላል፤ ታሪኩን የሚሸከም አንድ ጀግና የለም፣ ለእኔ ውበቱም ይኸው ነው።

7ን የሚመርጥ ከዋናው ይጀምር እንጂ ከሪሜኩ አይጀምር፤ ሪሜኩ የሚያናግረው የድሮውን የሚያውቀውን ነው። ጌሙ በሲዲ ከሆነ ሦስቱንም ሞክራችሁ ጀምሩ፤ ሦስተኛው አላነብ ብሎት መጨረሻውን ያጣ ወጣት አውቃለሁ። ውጊያው ከፈጠነባችሁም ኮንፊግ ውስጥ ገብታችሁ ኤቲቢ የሚለውን ዌይት ላይ አድርጉት፤ አስማትና ዕቃ ስትመርጡ ጊዜው ይቆምላችኋል። ይህን ሳይነካ «ከበደኝ» የሚል ሰው ጌሙን አይውቀስ።

የቀሩትን ባጭሩ፦ 9 ከልጆች ጋር ለሚጫወት ጥሩ ነው። 15 እና 16 ፍጥነትና ድብድብ ለሚወድ ናቸው፤ በፕሌስቴሽን ከሆነ 15 ቢያንስ 4ን፣ 16 ደግሞ 5ን ይፈልጋሉ። 11 እና 14 ኦንላይን ስለሆኑ አስተማማኝ ኔትወርክ እስክታገኙ ይቆዩ።

በየትኛውም ብትጀምሩ መጨረሻውን ዩቲዩብ ላይ አትዩ፣ ንግግሩንም ሳታነቡ አትዝለሉ፤ 10 ላይማ ትዕይንቶቹን መዝለል ራሱ አይቻልም፣ ደግ አደረገ። ጥቂት ቀን ሰጥታችሁት ካልሳባችሁ ያለ ጸጸት ተዉትና ሌላ ቁጥር ያዙ፤ አንዱን አለመውደድ ስለ ሌላው ምንም አይናገርም። ሁለት ሦስቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ 1 ተመለሱ። መግቢያው ላይ የሚሰማውን የኡኤማትሱን ዜማ ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ፣ የባከነው ምትም አያናድዳችሁም። 1 ጥሩ ጌም ነው፤ ቦታው ግን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ነው።