3.2 ቮልት የሚባለው ተረት

ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ «3.2 ቮልት» ነው ሲባል፣ ብዙ ሰው ቁጥሩን የሚረዳው እንደ ተራ አምፖል 220 ቮልት ነው፤ ይህን ያህል ስጠውና ይብራ። ከዚያ አምስት ስድስቱን በፓራለል አስሮ ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ላይ ይሰካል። ይበራል፤ ገና አልጋለማ! 3.2 ቮልት ግን ለኤልኢዲው የሚሰጥ ሳይሆን 700 ሚሊአምፔር ሲያልፍበት ጫፍና ጫፉ ላይ የሚለካ ነው። ያም ቢሆን ግምት ነው፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለቱ እንኳ እኩል አይሆኑም። ቮልቴጁ በጥቂቱ ከፍ ሲል ከረንቱ በብዙ ይዘላል። ኤልኢዲው ሲግል ደግሞ ለዚያው ከረንት የሚበቃው ቮልቴጅ በየዲግሪው ከ2 እስከ 4 ሚሊቮልት ይወርዳል። ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጁን አልቀንስም ብሎ ስለያዘ ኤልኢዲው ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ይበልጥ ይግላል፣ እንደገና ይስባል። ከተደረደሩት መካከል ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚበቃው ቀድሞ ይቃጠላል።

«ሬዚስተር አስገባለታለሁ» የሚለው መልስ አይሰለችም። ለ20 ሚሊአምፔር ጠቋሚ መብራት ልክ ነው፤ ጥቅል ስትሪፑም የሚሠራው እንዲያ ነው። ለኃይለኛው ግን እናስላ። ሦስት ኤልኢዲ በሲሪስ 9.6 ቮልት ይወስዳሉ፤ ከ12 ቮልት ባትሪ የሚተርፈው 2.4 ነው፤ ለ700 ሚሊአምፔር 3.4 ኦም ገደማ ሬዚስተር ይገባል። የመኪናው ሞተር ተነሥቶ ወይም ሶላሩ እየሞላ ባትሪው 14.4 ሲደርስ፣ ሬዚስተሩ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ከረንቱም አብሮ። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል።

የሚያስፈልገው ከረንቱን የሚይዝና ቮልቴጁን እንደ ጭነቱ የሚያስተካክል ድራይቨር ነው፤ ኤልኢዲዎቹም በሲሪስ። «አንዱ ሲሞት ሁሉም ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ተቆርጦ ከሞተ እውነት ነው። ነገር ግን በ2.1 አምፔር ድራይቨር ላይ ሦስት ረድፍ በፓራለል ቢታሰር፣ አንዱ ሲቆረጥ የቀሩት እያንዳንዳቸው 1.05 አምፔር ይሸከማሉ፤ ቀጥሎ ማን እንደሚሞት ግልጽ ነው። ጨለማ የሚፈራ ሰው ለየረድፉ የራሱን ድራይቨር ይግዛ። በእርግጥ ሲሪሱ ሲረዝም ሌላ አደጋ ይመጣል፦ 20 ኤልኢዲ 64 ቮልት ነው፤ ርካሽ ድራይቨሮች ደግሞ ብዙዎቹ ከ220ው መስመር የተነጠሉ ስላልሆኑ፣ መብራቱ እየሠራ ገመዱን መንካት ዋናውን መስመር ከመንካት አይለይም።

ሲገዙም ዋት ብቻ የተጻፈበትን ይተዉት። «700 ሚሊአምፔር፣ ከ18 እስከ 34 ቮልት» የሚል ካለው፣ ከ6 እስከ 10 ኤልኢዲ በሲሪስ ይችላል።