ለምናብ ዓለም ታሪክና አፈ ታሪክ ስለ መፍጠር

«ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል ዘወትር ስለምንሰማው ትርጉሙን ቆም ብለን አንመረምረውም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮማ ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ነበረው፤ ልብ የወለደው ታሪክ ማለት ነው። «ልብ ወለድ» የድርሰት ዐይነት መጠሪያ ሆኖ ሲቀር «ታሪክ» የሚለው ከአፋችን ወደቀ። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንኑ የወደቀ ቃል ነው። ይኸውም አንድ ደራሲ ከቶ ያልነበረ አገር በምናቡ ሲፈጥር፣ ለዚያ አገር ያለፈ ዘመን እንዴት እንደሚያበጅለት እናያለን።

ወጣት ደራስያን እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀምሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከነገሥታት ዝርዝር ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፤ እገሌ ይህን ያህል ዘመን ገዛ፤ ከዚያም ታላቅ ጦርነት ሆነ። ሦስት ገጽ ከሞላ በኋላ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከመኝታው ይነሣል፤ አንባቢው ግን ቀድሞ አንቀላፍቷል። የዚህ ዐይነቱ ጽሑፍ ጉድለት መርዘሙ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ዘመን ለዛሬው ሰው የተረፈ ነገር አለመኖሩ ነው። ያለፈ ዘመን ሕያው ሆኖ የሚታየን አንድ ነገር ትቶልን ሲያልፍ ነው፤ የፈረሰ ግንብ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ትርጉሙ የተረሳ የቦታ ስም፣ የሁለት መንደሮች ቂም፣ ወይም ማንም ምክንያቱን ሳያውቅ የሚጠብቀው ልማድ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑን አሜሪካዊቱ ደራሲ ኧርሱላ ሌ ጉዊን (እ.ኤ.አ. 1929–2018) ለወጣቶች የጻፏቸው የኧርዝሲ መጻሕፍት ናቸው። ኧርዝሲ በውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ብዙ ደሴቶች ያሉበት የምናብ ዓለም ነው። የደራሲዋ አባት አልፍሬድ ክሮበር የሰሜን አሜሪካን ነባር ሕዝቦች ባህልና ቋንቋ ያጠኑ ምሁር ነበሩ፤ ስለዚህ ሌ ጉዊን የሕዝቦች አፈ ታሪክ በሚነገርበት ቤት አድገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ጌድ የተባለው ወጣት ጠቢብ ጀልባው ተሰብራ በአንዲት ጠፍ የአሸዋ ደሴት ላይ ይወድቃል። በዚያም ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሰው ተለይተው የኖሩ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ያገኛል። ቋንቋቸው ለእርሱ ባዕድ ነው። አሮጊቲቱ የተሰበረ ቀለበት ግማሽ ትሰጠዋለች፤ እርሱም ምንነቱን ሳያውቅ ተቀብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ምስጢሩ በሰፊው የሚገለጠው በሁለተኛው መጽሐፍ ነው። ቀለበቱ ኤረት አክቤ የተባለ የጥንት ጀግና የነበረ ሲሆን፣ በጠብ ምክንያት ለሁለት ሲሰበር በላዩ ከተቀረጹት ምልክቶች የሰላሙ ምልክት አብሮ ተከፍሏል፤ ከዚያ ወዲህ ደሴቶቹን በሰላም አስተባብሮ የሚገዛ ንጉሥ ጠፍቷል። ሌላው ግማሽ የሚገኘው በአቱዋን መቃብሮች ሥር ነው፤ የምትጠብቀውም በሕፃንነቷ ከወላጆቿ ተወስዳ የጨለማ ኀይሎች አገልጋይ የተደረገች ቴናር የተባለች ልጅ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ደራሲዋ የጥንቱን ጦርነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተረኩልንም። የሰጡን ግማሽ ቀለበት ነው። ጌድ ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ሕይወቱን ለአደጋ ይጥላል፤ ቴናር ደግሞ የኖረችበትን እምነት ለመተው ወይም ሌባውን በጨለማ ውስጥ በረኀብ ለመግደል መምረጥ አለባት። የብዙ መቶ ዓመታት ታሪክ በሁለት ወጣቶች ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ፣ በጌድ አገር ኤረት አክቤ የሚወደስ ጀግና ሲሆን፣ በቴናር ወገኖች ዘንድ ግን ሊገዛቸው የመጣ ባዕድ አስማተኛ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ሲገናኙ የሚጋጩት ስለዚህ ነው። በእውነተኛው ዓለም የሚነገር አፈ ታሪክም እንዲህ ነው። በአገራችን ከነገሥታት በፊት ይገዛ ነበር ስለሚባለው ዘንዶ ስለ አርዌ የሚነገረውን አስታውሱ፤ በአንዳንዱ አነጋገር ዘንዶውን የገደለው አንጋቦ ወይም አጋቦስ የተባለ ሰው ነው፤ በሌላው ግን ቅዱሳን ናቸው። እያንዳንዱ ተራኪ ለራሱ ወገን የሚሻውን ይዟል። ስለሆነም ለፈጠራችሁት ዓለም አንድ አፈ ታሪክ ስታበጁለት «ይህን የሚናገረው ማን ነው? እንዲህ በመናገሩስ ምን ያተርፋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌ ጉዊን ይህን ጥያቄ ወደ ራሳቸውም መልሰውታል። በመጀመሪያው መጽሐፍ በሮክ ደሴት ላይ ያለው የጠቢባን ትምህርት ቤት የወንዶች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የኧርዝሲ ታሪኮች ስብስብ ውስጥ ግን፣ ትምህርት ቤቱን ሴቶችና ወንዶች በአንድነት እንደ መሠረቱት፣ በኋላም ሴቶቹ እንደ ተገለሉ እናነባለን። የቀደመው መጽሐፍ አንድ ቃል ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። በእኔ ግምት ከድርሰታቸው ሁሉ ብልሃት የሞላበት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ለዚህ ትምህርት የፈጠርነውን አጭር ምሳሌ እንመልከት። ታሜር በምትባል መንደር መካከል ደወል የሌለው የደወል ቤት ቆሟል እንበል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመንደሩ ሰው ሁሉ የያዘውን ሥራ ገትቶ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። ሽማግሌዎቹ «ደወላችንን ከወንዙ ማዶ ያሉት ሶራኖች በሌሊት ሰረቁን» ይላሉ፤ ስለ ካሣውም በወንዙ ዳር ያለውን ለም መሬት ከሶራኖች ወስደዋል። ሶራኖች በበኩላቸው «ደወሉን በዐይናችን አላየነውም፤ የሸጠው የገዛ አለቃቸው ነው» ይላሉ። ጥጥ የሚፈትሉ ሴቶች ብቻ፣ ጠላት ሲመጣ ደወሉን ቀብራ ቦታውን ሳትናገር ስለ ሞተች ልጅ ያንጐራጕራሉ፤ ይህን ግን ከቁም ነገር የሚቈጥረው የለም። አንድ ቀን የ14 ዓመት ልጃገረድ ውሃ ፍለጋ ስትቈፍር የዶማዋ ጫፍ ብረት ነካ። አባቷ የሚያርሰው ያንኑ ከሶራኖች የተወሰደውን መሬት ነው። ጕድጓዱን መልሳ ብትደፍነው የሚያያት የለም።

የነገሥታት ዝርዝር አላስፈለገንም፤ ዓመተ ምሕረት እንኳ አልጠቀስንም። ሆኖም በሰዋስው ረገድ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ሶራኖች ደወሉን ሰረቁ።
ለ. ሶራኖች ደወሉን ሰረቁ ይባላል።
ሐ. ደወሉ እዚሁ ተቀብሮ ኖሯል።

በ«ሀ» ተራኪው ራሱ ኀላፊነቱን ወስዷል፤ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ አንባቢው ደራሲው አታለለኝ ይላል። በ«ለ» ግን «ይባላል» የሚለው ግስ ወሬውን ለባለቤቶቹ መልሶ ይሰጣል፤ ለጥርጣሬም በር ይከፍታል። በ«ሐ» ያለው «ኖሯል» ደግሞ ተናጋሪው እስከዚያች ሰዓት ያላወቀውን ነገር ገና መረዳቱን ያመለክታል። ልጅቱ ዶማዋን ጥላ የምትናገረው ይህን ነው። «ተቀብሮ ነበር» ብትል ኖሮ ድንጋጤዋ ባልተሰማን።

ልዩነትና ስሕተት ግን አንድ አይደሉም። የታሜርና የሶራን ሰዎች የተለያየ ነገር ቢናገሩ የታሪኩ ኀይል ነው፤ ወንዙ በአንድ ገጽ ላይ ከመንደሩ በስተምሥራቅ፣ በሌላው በስተምዕራብ ቢፈስ ግን የደራሲው ቸልተኝነት ነው። ሌ ጉዊን አስቀድመው የደሴቶቻቸውን ካርታ የሳሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እናንተም ካርታችሁንና በእርግጥ የሆነውን ነገር በሌላ ደብተር መዝግቡ፤ በድርሰቱ ውስጥ ግን ገጸ ባሕርያቱ የሚያውቁትን ያህል ብቻ ግለጡ።

መልመጃ። ከምናባችሁ አንድ የተሰበረ ወይም ግማሹ የጠፋ ዕቃ ፍጠሩ። ዕቃው እንዴት እንደ ተሰበረ አንድ ሽማግሌ ሲናገር በአንድ አንቀጽ ጻፉ፤ «ይባላል» በሚለው ግስ ተጠቀሙ። ቀጥሎም ያንኑ ነገር የሽማግሌው ባላጋራ ሲናገር ጻፉ። በመጨረሻ፣ ሁለቱን የሰማ በእናንተ ዕድሜ ያለ ልጅ ዕቃውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ሲቆም አሳዩ፤ ወዴት እንደሚሄድ አትንገሩን።