ስለ ማገዶ አፈላለጥና አደራደር

ማገዶ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር ስለ ሆነ፥ ስለ እርሱ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ትርፍ ሥራ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኔን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ግን በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ያየሁት ነገር ነው። በዚያ አዳሪ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ለወጥ ቤቱ ባሕር ዛፍ እንፈልጥ ነበር፤ ቅዳሜ የፈለጥነውም ሰኞ ይነድ ነበር። እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ዓይናቸው ቀልቶ፥ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «የባሕር ዛፍ ጢስስ አይጣል ነው» ይሉ ነበር። ጥፋቱ ግን የዛፉ ሳይሆን የእኛ ነበር። እንጨት የሚፈለጠው በእርጥቡ፥ የሚነደው በደረቁ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚያስፈልገውን ጊዜ እኛ ዘለነው ነበር።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአካባቢው የነበረው ዛፍ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቈረጠ በማለቁ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን ከዚህ ችግር ያወጣት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፥ ቢቈረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ለብዙ ዘመንም የከተማው ማገዶ በሴቶች ጀርባ ከእንጦጦ ይወርድ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙ ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግርም፥ በኢትዮጵያ አብዛኛው ቤተ ሰብ አሁንም የሚያበስለው በማገዶ ነው።

አዲስ የተቈረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት 30 ኪሎ ትኩስ እንጨት ብትሸከም 15 ኪሎው ውሃ ነው ማለት ነው። በአየር በሚገባ በደረቀ እንጨት ውስጥ ግን የሚቀረው ውሃ ከመቶ ከ15 እስከ 20 ብቻ ነው።

ይህ ውሃ በምድጃ ውስጥ ሁለት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛው በሒሳብ ሊታይ ይችላል። ከ10 ኪሎ ትኩስ እንጨት ውስጥ ደረቁ 5 ኪሎ 90 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ የቀረውን 5 ኪሎ ውሃ አፍልቶ በእንፋሎት ለማባረር ግን 13 ሜጋጁል ያህል ይጠፋል። ይህም ከሙቀቱ አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ የባሰ ነው። እንጨት ሲሞቅ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በደንብ እንዲነድ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ያስፈልገዋል። ውሃው እሳቱን ስለሚያቀዘቅዘው ጋዙ ሳይነድ ይወጣል። ስለዚህ ጢስ ማለት አብዛኛው ያልነደደ ማገዶ ነው፤ ባለቤቱ የገዛው ሙቀት በጣራው በኩል ያመልጣል ማለት ነው። ከዚህም ጋራ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፥ ሳንባ ይጐዳል፤ ይልቁንም በእናቱ ጀርባ የታዘለውን ሕፃን። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» የሚለው ተረት በምድጃ ዘንድ ተገልብጦ ይገኛል፤ እርጥቡን ለማንደድ ሲባል ደረቁ ጭራሮ ሁሉ ያልቃልና።

የመፍለጥ ጥቅም እንጨቱ በምድጃው አፍ እንዲገባ ብቻ አይደለም። ቅርፊት ውሃው እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ያልተፈለጠ ጉማጅ በአብዛኛው የሚተነፍሰው በሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ነው። የመሀሉ ስፋት 20 ሴንቲሜትር የሆነ ጉማጅ ዙሪያው 63 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በአራት ቢፈለጥ 80 ሴንቲሜትር ቅርፊት የሌለው አዲስ ገጽ ይጨመርለታል። ስለዚህ ነፋስ የሚያገኘው ገጽ ከእጥፍ ይበልጣል። ባሕር ዛፍ በእርጥቡ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ጠጥሮ መጥረቢያ ይነክሳል። ጉማጁን በጉቶ ላይ አቁሞ፥ ስንጥቅ ያለበትን መሥመር ተከትሎ መምታት ነው። ወፍራሙን ከመሀል ከመጀመር ይልቅ ከዳር እየሸረፉ መሄድ ይቀላል፤ ጉጥ ያለበትም በሽብልቅ ይከፈታል። ለእንጀራ ምጣድ ፈጣንና የተስተካከለ ነበልባል ስለሚያስፈልግ፥ ፍልጡ ከሕፃን ክንድ ባይወፍር ይመረጣል።

አደራደሩም የራሱ ሥርዓት አለው። ፍልጥ በባዶ መሬት ላይ ቢከመር ከሥር ርጥበት ይስባል፥ ምስጥም ይበላዋል። ስለዚህ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የእንጨት ርብራብ ይዘጋጃል። በሁለቱ ዳር አንዱ ረድፍ በአንዱ ላይ እየተጋደመ በመስቀል ቅርጽ ቢደረደር ቍልሉ አይናድም፤ በመካከሉም ነፋስ ያልፋል። ከግድግዳ ጥቂት መራቅ አለበት። ከላይ በቆርቆሮ ይከደናል፥ ጐኑ ግን ክፍት ይሆናል። ቍልሉን ሁሉ በላስቲክ መጠቅለል እንጨቱ በራሱ ላብ እንዲርስ ማድረግ ነው።

በደጋው አገር ለዚህ ሥራ የሚስማማው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ የበጋው ፀሓይና ነፋስ ሥራውን ይሠራል፥ በበልግ ዝናብ ከላይ ክዳን ይበቃዋል፥ ሰኔ ሲገባ ማገዶው ዝግጁ ይሆናል። የደረቀ እንጨት ምልክቱ ጫፉ ይሰነጣጠቃል፥ ክብደቱ ይቀላል፥ ሁለት ፍልጥ ቢጋጩም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ማረጋገጥ የሚፈልግ አንባቢ አንድ ፍልጥ በከሰል ምልክት አድርጎበት በየሳምንቱ ይመዝነው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም የአየሩን ያህል ደርቋል።

በእርግጥ ይህን ሁሉ ለማድረግ ግቢና ስድስት ወር የሚፈጅ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የዛሬን ማገዶ ዛሬ የሚገዛ ድኃ ቤተ ሰብ ሁለቱም የሉትም፤ ስለዚህ ውድ የሆነውን፥ ማለት እርጥቡን እንጨት የሚገዛው እርሱ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት አንድ ሸክም አስቀድሞ ገዝቶ፥ ቀጠን አድርጎ ፈልጦ፥ ከጣራ በታች ማኖር እንኳ ጥቂት ይረዳዋል። ጢስ የሚቀንሱና ማገዶ የሚቈጥቡ ምድጃዎች መሰራጨታቸውም መልካም ነው። ነገር ግን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንደ ተባለ፥ እርጥብ እንጨት የሚማገድበት አዲስ ምድጃ የታሰበውን ያህል ጥቅም ሊሰጥ አይችልም። ስለ ምድጃ የሚያስተምር ሁሉ ስለ ፍልጡና ስለ ቍልሉም ጭምር ቢያስተምር፥ የጋጋሪዋ ዓይንና የተሸካሚዋ ጀርባ በጥቂቱ ያርፉ ነበር።